ዳሽቦርዱ ላይ ያለው አንበሳ

ሐሙስ ረፋድ ላይ ጋርላንድ ከተማ ባለው ወርክሾፕ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አለቃው ጋሽ ተስፋዬ፣ ቫርኒሽ የምትቀባው ሁመይራ እና ለማጁ ጦልሃ። የጋሽ ተስፋዬ ባለቤት እትዬ የሺሃረግ ገና አልመጡም ነበር። ባይመጡ ደግሞ ለጦልሃ በተሻለው ነበር።

ጦልሃ ዓመታት ሙሉ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ ጢሙ ሽበት ሲጀምረው እንደገና ለማጅ የተባለ ሰው ነው። ወርክሾፑ ለቅንጡ መኪኖች የውስጥ እንጨት ይሠራል። እንጨት ሲባል ታዲያ ጣውላ አይደለም፤ ዋልነት ከሚባል ዛፍ ግንድ ላይ እንደ ወረቀት ሳስቶ የተላጠ ልጣጭ ነው። ተከታትለው የተላጡ ሁለት ልጣጮች እንደ መጽሐፍ ተገልጠው ሲጋጠሙ፣ ግራው የቀኙ መልክ ይሆናል።

ዋልነት ግን ተንኮለኛ ነው። ለብቻው ጉጥ የነበረው ሲጋጠም ዓይን ሆኖ ያፈጥጣል። ስለዚህ በዚያ ቤት ማንም ከመቁረጡ በፊት መስታወት በልጣጩ ጠርዝ ላይ አቁሞ ምን እንደሚወጣ ማየት አለበት።

ያን ጠዋት መስታወቱ ሁመይራ እጅ ነበር። ሻርፗን ታስተካክላለች።

«ሁመይራ፣ መስታወቱን።»

«ዋን ሚኒት!»

«አንቺ እስክትጨርሺ መኪናው ያረጃል» አለና ጦልሃ ያለ መስታወት ቆረጠ፣ አጋጠመ፣ በቴፕ ያዘው። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ደርቆ ቀረ።

መላጣ ራስ። ግራና ቀኝ የተዘረጉ ጆሮዎች። የተቋጠሩ ቅንድቦች።

«እስቲ ነይ፤ ምን ይታይሻል?»

ሁመይራ መጣች፣ አየች፣ በሻርፗ አፏን አፈነች። «ሱብሓነላህ! ጋሽ ተስፋዬ ናቸው! ከነቁጣቸው!»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሉ!»

«ማለቴ፣ ትንሽ ፈገግ ቢሉ ኖሮ እኮ አላውቃቸውም ነበር።»

ለጦልሃ ነገሩ ሳቅ አልነበረም። ከዚያ ግንድ ሌላ ልጣጭ አልተረፈም፤ የመኪናው በሮችም በዚያው እንጨት ተሸፍነው አልቀዋል። ጋሽ ተስፋዬ ደግሞ ሰኞ ዕለት ቁርጡን ነግረውታል፤ «ይሄ ዳሽቦርድ ካለፈ ሥራው ያንተ ነው። ካበላሸኸው ወደ ታክሲህ።»

ይህን ሲያስብ ሰውዬው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ። ጨርቅ አልኮል ውስጥ ነክረው መስመሩ እንዲጎላ እንጨቱን አሹት። ፊቱ ይበልጥ ፈካ፤ ቅንድቡም ይበልጥ ተቆጣ። ጋሽ ተስፋዬ አጎነበሱ። ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ሁመይራ ቆርቆሮ የምትፈልግ መስላ ጠረጴዛ ሥር ገባች።

«ጦልሃ።»

«አቤት፣ ጋሽ ተስፋዬ።»

«እዚህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።»

«ምን አለ?» አለ ጦልሃ።

«አይታይህም እንዴ? አንበሳ ነው እኮ! ጎፈሩን ተመልከት። አቤት ግርማ! ባለቤቱ ሲነዳው ደረቱን ይነፋል።»

ከጠረጴዛው ሥር ሳል የሚመስል ነገር ተሰማ።

«እውነትዎን ነው» አለ ጦልሃ ቶሎ ብሎ። «እኔም ዓይኑ ላይ አንድ የማውቀው ግርማ ታይቶኝ ነበር።»

ጋሽ ተስፋዬ የማለፊያውን ማኅተም አነሱ። ልክ በዚህ ሰዓት በሩ ተከፈተና እትዬ የሺሃረግ የምሳ ዕቃ ይዘው ከጎረቤት ከተማ ከሪቻርድሰን ከች አሉ። ዕቃውን ሳያስቀምጡ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

«ውይ ተስፊ! አንተን ነው እንዴ የሳሉህ? መላጣህ ሳይቀር!»

ጋሽ ተስፋዬ ማኅተሙን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። ሁመይራ ከጠረጴዛ ሥር ወጥታ መስታወቱን አቀበለች። ሰውዬው መስታወቱን አዩ፣ እንጨቱን አዩ፣ እንደገና መስታወቱን አዩ። ጆሯቸውንም ዳሰስ አደረጉ።

«ጦልሃ፣ ይሄ እኔ ነኝ?»

ሁመይራ ቀድማው ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ «እኛ ምን እናውቃለን፣ ጋሽ ተስፋዬ? እርስዎ ራስዎ ነዎት አንበሳ ያሉት» አለች።

እትዬ የሺሃረግ ባላቸውን አዩ። «አንበሳ? ማን? አንተ?»

ጋሽ ተስፋዬ ተያዙ። ፊቱ የእሳቸው አይደለም ቢሉ ሚስታቸው እዚሁ ቆመዋል፤ አንበሳ አይደለም ቢሉ የገዛ አፋቸው አለ፤ ይጣል ቢሉ ደግሞ መልካቸውን ራሳቸው አስቀያሚ ማለታቸው ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታዲያ በአንበሳና በእኔ መሃል ምን ልዩነት አለ?» አሉና ማኅተሙን ዷ አደረጉበት።

«ማታ ቤት ስንገባ እነግርሃለሁ» አሉ እትዬ የሺሃረግ።

ዳሽቦርዱ በዚያው ቀን ልጣጩን ወደሚያጣብቀው መጭመቂያ ገባ። መኪናውን ማኪኒ የሚኖር አንድ የጥርስ ሐኪም ገዛው። ጦልሃ ሥራው ላይ ጸና፤ መስታወቱም በሰንሰለት ጠረጴዛው ላይ ታሰረ።