የቋጠሮ ልጅ

«ይኸውልሽ፣ ይህቺን ያደረጉልኝ እሳቸው ናቸው» አለ ሰውየው። መነጽሩን ከፊቱ አውልቆ፣ ፍርድ ቤት ማስረጃ እንደሚያቀርብ ሰው በሁለት እጁ ዘረጋላት። «አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ፌርማታ ላይ የቆመውን ሰው ከዛፉ የምለየው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነበር። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አባትሽ ሌንሱን ገጥመው ሰጡኝና ‹በል እንግዲህ፣ ሰው እንዳትገድልብኝ› ብለው ሸኙኝ። አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም።»

አጠገቡ የተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዲት ሴትዮ በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች የሟች ልጅ፣ አዋላጇ። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰማ ይህ አራተኛዋ ነው። ባዶ ብርጭቆዎቹን በትሪ ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ትሪውን አስቀመጠችና ግንባሯን የፍሪጁ በር ላይ አስደገፈች። ቅዝቃዜው ደስ አላት። የመርዶው ስልክ የደረሳት ሁለት ሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ነው። ከማዋለጃ ክፍል ወጥታ ልብሷን እንኳ በቅጡ ሳትቀይር ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ ቀብር ላይ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዐይኗ አልዞረም።

አክስቷ፣ የሟች ታላቅ እህት፣ ባዶውን ፔርሙስ ይዛ ከኋላዋ ገባች።

«ምን ሆንሽ? ሰው እኮ ያይሻል።»

«እነዚህ ሰዎች ለቅሶ ቤት ተሳስተው የገቡ ነው የሚመስለኝ፣ አክስቴ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የሚያወሩለት ሰውዬ ማን ነው? እኔ አላውቀውም።»

አክስትየው ፔርሙሱን ሞላች፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ አዞረች፣ «በይ ፊትሽን ታጠቢ» ብላ ወጣች።

አዋላጇ የምታውቀውን ሰውዬ ከተማው ሁሉ ያውቀው ነበር። ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ከፎቶ ቤቱ አጠገብ፣ መነጽር ቤት ነበረው። ፊቱን ሲያዩት «ጋሼ» ይሉታል፣ ዞር ሲል ስሙ ቋጠሮ ነው። ቋጠሮ አምፖል የሚያበራው ደንበኛ በሩን ገፍቶ ከገባ በኋላ ነበር። ከሱቁ በር ላይ ዝናብ የሚጠለል ሰው ካየ ይወጣና «ምን ልታዘዝ?» ይላል፤ የሚገዛ ካልሆነ ዝናቡ ውስጥ ይሰድደዋል። የሰፈሩ ልጆች እሷንም በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። «የቋጠሮ ልጅ» ነበረች፤ እስክትለምደው ድረስ።

አምስተኛ ክፍል ሳለች ጥቁር ሰሌዳው ጭጋግ ሆነባት። አስተማሪዋ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ ያም ሆኖ የምትጽፈው ከጎኗ ካለችው ልጅ ደብተር እየገለበጠች ነበር። በአባቷ ሱቅ የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ፍሬም ተደርድሯል። እናቷ ለወራት ለመነችው።

«ሱቅ ያለ ዕቃ ለሽያጭ ነው» አላት። «የልጅ ዐይን ደግሞ ገና ያድጋል። ዛሬ ባደርግላት በዓመቱ ሌላ ልትል ነው።»

እናትየው የጆሮ ወርቋን ሸጠች። ልጇን ይዛ ከተማውን አቋርጣ ሌላ መነጽር ቤት ሄደች። የዚያን ቀን አመሻሽ እራት ሲቀርብ ልጅቷ መነጽሯን አድርጋ ማዕድ ቀረበች። አባትየው ጉርሻውን አቁሞ አያት። እጁን ሰድዶ መነጽሩን ከፊቷ ላይ አወለቀና ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ አገላበጠው።

«ተታላችኋል» አለ። «ይሄ እኮ ተራ ሌንስ ነው።»

መለሰላትና መብላቱን ቀጠለ። በምን እንደተገዛ አልጠየቀም። የሚስቱ ጆሮ ባዶ መሆኑን እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ አላየም። እሷ በሞተች በሳምንቱ ልጅቷ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ሆናት።

ለዚህ ነው ከቀብር መልስ አምስት ስድስት ሰው አገኛለሁ ብላ ስትገባ፣ ሳሎኑ ሞልቶ ሰዉ እስከ ደረጃው ድረስ ተቀምጦ ስታይ የደነገጠችው። ጎረቤት ወንበር አዋጥቷል፣ ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች ተራ ገብተዋል። በገዛ አባቷ ቤት እንግዳዋ እሷ ሆነች። እግሯን የት እንደምታሳርፍ እንኳ ጠፋት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ልብስ ሰፊ አጠገቧ ተቀመጠች። ሴትየዋ እጇን ያዘቻትና መርፌ ማስገባት አቅቷት ሥራ ልታቆም ስትል ጋሼ እንዴት እንደደረሱላት ከሥር ከመሠረቱ ተረከችላት። ስትጨርስ «እንዲህ ካለ አባት መወለድ መታደል ነው» አለች።

አዋላጇ እጇን ነጠቀች።

«እናንተ ናችሁ የታደላችሁት!» አለች፤ ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «እናቴ በሱ ቤት የጆሮ ወርቋን ሸጣ ነው መነጽር ያደረገችልኝ!»

ሻይ ትቀዳ የነበረችው ሴት ፔርሙሱን እንደያዘች ቆመች። አክስትየው ከወዲያ «ድካም ነው፣ ድካም ነው፤ ሦስት ቀን ዐይኗን አልከደነችም» እያለች መጣች። ልብስ ሰፊዋ ጭኗ ላይ የቀረ እጇን እያየች «ይቅርታ፣ አላወቅኩም» አለች። ከበሩ ወዲያ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ አዋላጇ ሰማች።

«በቁሙ ዞር ብላ አላየችው፣ ዛሬ መጥታ…»

«ተዪ፣ ትሰማሻለች።»

ሰምታለች። የከፋት ግን ሐሜቱ አልነበረም፤ እውነት መሆኑ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሰው ሳሳ። አዋላጇ ከበረንዳው ደረጃ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ ሌንስ ቆራጩ መጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአባቷ ሱቅ ጓዳ ሌንስ ሲቆርጥና ሲሞርድ የኖረ፣ ዛሬ የሸመገለ ሰው ነው። ሦስቱንም ቀን ከበሩ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሏል። ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ አጠገቧ ወረደ።

«ትናንት ያልሽው ልክ ነው» አለ። «ፍሬሞቹን የማውቃቸው እኔ ነኝ። አንዱን ደብቄ ላወጣልሽ አስቤ ፈርቼ ትቼዋለሁ። ከጥፋቱ የኔንም ድርሻ ያዥልኝ።»

እንዲህ ይላል ብላ አልጠበቀችም። ዞር ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ አባቴ ምን ሆኖ ነው የተለወጠው?»

ሌንስ ቆራጩ በአፍንጫው ሳቅ አለ። «ታወሩ። መነጽር ሻጩ ታወሩ። የዐይን ሞራ ነው፤ በቀላሉ ይገፈፋል ተባሉ። እሳቸው ደግሞ ሕክምናው ውድ ነው ብለው ሁለት ዓመት አቆዩት። ደንበኛ ሲመጣ ቁጥሩን እኔ በጆሯቸው ሹክ እላለሁ፣ እሳቸው የሚያዩ መስለው ይናገራሉ። ለራሳቸውም ይሰስቱ ነበር እኮ፤ ላንቺ ብቻ አልነበረም።»

«እሺ?»

«አንድ ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ የማያውቁት አውቶቡስ ላይ ወጡ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ አወረዷቸው። የት እንዳሉ አያውቁ፣ የሰው ፊት አይለዩ። አንዲት ሴት እጃቸውን ይዛ፣ ሁለት አውቶቡስ አሳፍራ፣ የቀረውን በእግር መርታ ሱቁ ድረስ አደረሰቻቸው። እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። ሊያመሰግኗት ሲሉ ‹አላወቁኝም አይደል?› አለቻቸው። ‹የእናቴን መነጽር ብሎን ያጥብቁልኝ ብዬ ብመጣ፣ ከኔ የተገዛ አይደለም ብለው የመለሱኝ ነኝ።› በቁጣ እንዳይመስልሽ። እንደ ዋዛ ነው ያለችው። ‹ደህና ይዋሉ› ብላ ሄደች።»

ሌንስ ቆራጩ ጉልበቱን እያሻሸ ቀጠለ።

«ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። እስክንዘጋ አልተነሡም። በሦስተኛው ሳምንት የዐይናቸውን ሞራ አስገፈፉ። ከዚያ ያቺን ሴት ፍለጋ ገቡ። አንድ ዓመት ሙሉ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ እየሄዱ ይጠይቁ ነበር። ድምጿን እንጂ መልኳን አያውቁም። አላገኟትም። ስላላገኟት ነው ለመጣው ሁሉ የሰጡት።»

አዋላጇ የደረጃውን ስንጥቅ በጣቷ ስትከተል ቆየች።

«እሷን አላገኛትም» አለች በመጨረሻ። «እኔ ግን የት እንዳለሁ ያውቅ ነበር።»

«አንቺ ጋ መጥተው ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

አዋላጇ ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ነገር ስትናገር ድምጿ ደረቅ ነበር፤ የሌላ ሰው የሕመም ታሪክ የምታነብ ይመስል።

«ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የሥራ ቦታዬ ጥበቃ መጥቶ ‹አንድ ሽማግሌ አባቷ ነኝ ይላሉ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል› አለኝ። ‹የለችም በላቸው› አልኩት። ሥራ ነበረኝ፤ ግን ሥራ ስለነበረኝ አይደለም። በቀትር ጠየቅሁ፣ አልሄደም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠየቅሁ፣ አልሄደም። ተራዬ ሲያበቃ በልብስ ማጠቢያው በኩል በጓሮ በር ወጥቼ ሄድኩ። ማግስቱን የለም። ደግሞም አልመጣም። ምን ሊለኝ እንደነበር አላውቅም፣ አሁን ደግሞ የሚነግረኝ የለም።»

«ሲመለሱ ነግረውኛል» አለ ሌንስ ቆራጩ።

«ምን አለ?»

«‹አገኟት?› አልኳቸው። ‹አየኋት› አሉ። ከአግዳሚው ኋላ መስኮት አለ አይደል?»

አዋላጇ ራሷን ነቀነቀች። መስኮት አለ። ወደ ልብስ ማጠቢያው የሚያሳይ።

«‹በጓሮ በር ስትወጣ አየኋት› አሉኝ። ‹የእናቷን አረማመድ ነው የምትራመደው፤ ደክሟታል› አሉ። ‹ታዲያ አይጠሯትም ነበር ወይ?› ብላቸው ተቆጡኝ። ‹እሺ ስትል እንጂ በግድ ልወስድ ነው እንዴ? እስከ ዛሬ ከሷ የወሰድኩት አይበቃም?› አሉ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ስትሠራ ዋለች። በማዋለጃው በር ሰው ሲወጣ ልጅ ታቅፎ ነው። ሰባት ቆጠርኩ። በአንድ ቀን ሰባት! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ሰጥቼ አውቃለሁ?› አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ሲያወሩት ሰነበቱ። ‹ልጄ አዋላጅ ናት› እያሉ።»

ከቤት ውስጥ ወንበር ሲደረደር ይሰማል። ጎረቤቶቹ የየራሳቸውን መለየት ጀምረዋል።

«ስምንት ነበሩ» አለች አዋላጇ።

«እ?»

«የዚያን ቀን የወለዱት። ስምንት ነበሩ። አንዷ ደም ፈሷት እስከ ማግስቱ አልወጣችም። እሷን አላያትም።» ጣቷን ከስንጥቁ አነሣች። «ስምንተኛዋን አላያትም።»

ትከሻዋ ወደ ፊት ወደቀ። ሌንስ ቆራጩ አልነካትም፣ አይዞሽም አላላትም። ጎኗ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

«ይቅር ብዬዋለሁ ለማለት አልችልም፣ ጋሼ» አለች።

«ማን በይ አለሽ?»

ፀሐይ ከጎረቤቱ ጣሪያ በታች ስትሆን ሊሄድ ተነሣ። አዋላጇ ካፖርቱን አምጥታ ያዘችለት። ቀኝ እጁ እጅጌውን ስቶ ሁለት ጊዜ ከውጭ ሲንከራተት፣ ክንዱን ይዛ አስገባችለት። እስከ ፌርማታው አብራው ወረደች። አውቶቡሱ መጣ። ደግፋ አሳፈረችው፤ የተቀመጠው ማዶ በኩል ስለነበር ከቆመችበት ሆና የምታየው ማጅራቱን ብቻ ነው። እንደተሰነባበቱ ቆጥሮ ወደ ኋላው አልዞረም።

አዋላጇ እጇን አነሣች። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፣ ከሌሎቹ መኪኖች ጋር ተቀላቀለ፣ መታጠፊያው ላይ ቆመ፤ መብራቱ ሲለቀው ታጠፈ። የሚያያት ሰው አልነበረም። እጇን ግን አላወረደችም።