ስፒል ውጫለሁ ያለው ልብስ ሰፊ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ሰው በተሳሳተ ግምት ነፍሱ ስትተርፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ስፒል በከንፈሩ ይዞ ነው የሚሰፋው። ሌላ ሰው ሲያደርገው ካየ ግን «አፍ የስፒል ማስቀመጫ ነው እንዴ!» ብሎ ይቆጣል። ሚስቱ «አንተስ?» ስትለው «አንቺ ሴትዮ፣ ድስትሽን ጠብቂ» ይላታል።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው፣ የዩኒፎርሙ ክምር ጠረጴዛውን ሞልቶት እያለ፣ ሰውየው አመሉ ተለወጠ። ሱቁ ምድር ቤት፣ ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ግድግዳ ይመረምራል።

«ምን ታያለህ?» ትለዋለች።

«ቀለሙ ተልጧል።»

ከተላጠ እኮ አምስት ዓመቱ ነው! አራት ልጅ ያሳደገች ሴት ውሸትን ከትንፋሽ ታውቃለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቁ ስትወርድ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ስፒል ሲለቅም አገኘችው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ምን ጠፋህ?»

«አንዲት ስፒል።»

«ለአንዲት ስፒል ነው እንዲህ የሚያልብህ?»

አንገቱን ደፋ። «ሳልውጣት አልቀረሁም። ደረጃ ስወጣ ደረቴን ጭምድድ ታደርገኛለች፤ እስከ መንጋጋዬ፣ እስከ ግራ ክንዴ። ቁጭ ስል ትተወኛለች። ለልጆቹ እንዳትነግሪ፣ መሳቂያ እሆናለሁ።»

«ስፒል እግር አወጣች እንዴ፣ ክንድህ ድረስ የምትሄደው?» አለችው። አፏ ይቀልዳል እንጂ በሆዷ «ፈጣሪዬ፣ እሱን አትንካብኝ» እያለች፣ ሱቁን ዘግታ ይዛው ወደ ሆስፒታል ሄደች።

ሐኪሟ የልጃቸው እኩያ ናት። ራጅ አስነሳችው፤ ስፒል የሚባል የለም። ሰውየው ደስ ብሎት ሊነሳ ሲል «አባባ፣ ቁጭ ይበሉ» አለችው። ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፋ የልቡን ምት ወረቀት ላይ አየች። ደም ስሩ ውስጥም በራጅ የሚታይ ቀለም ልከው አዩት።

«ልብ መላ ሰውነትን ይመግባል» አለቻቸው፤ «እሱን ራሱን የሚመግቡት ስሮች ግን ሲጠቡ ይራባል። የእርስዎ አንደኛው ስር በስብ ተደፍኖ የክር ያህል ነው የቀረው። ደረጃ ሲወጡ የሚያምዎ ለዚህ ነው። ጨርሶ ቢዘጋ የልቡ ጡንቻ ይሞታል፤ የሞተ ደግሞ አይመለስም።»

ወዲያው ሕክምና ክፍል አስገቡት። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ ጸሎቷ መሃል ላይ እየጠፋባት ስንቴ ከመጀመሪያው ጀመረች! በሩ ሲከፈት ብድግ አለች።

«እማማ፣ ደህና ናቸው» አለች ሐኪሟ። «በእጃቸው አንጓ በኩል ገብተን ስሩን ከፈትነው። ተመልሶ እንዳይጠብ ወንፊት የመሰለች ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስቀምጠናል። ልባቸው ገና አልተጎዳም፤ በሰዓቱ ነው ያመጧቸው። መድኃኒቱን ግን አንድ ቀን እንዳያቋርጡ።»

እፎይ! ቀኑን ሙሉ የያዘችው ትንፋሽ ያኔ ወጣላት። ስትገባ ሰውየው ፊቱ ወዝ መልሶ ተጋድሟል።

«ብረት አውጡልኝ ብዬ መጥቼ ብረት ጨምረውልኝ አረፉት!» አላት።

ሳቀች፤ ሳቋ ለቅሶ ሆነ። «ጨጓራ ነው ብለህ ቢሆን እኮ ዝንጅብል ጠጥተህ ዝም ትል ነበር።»

«ስፒሏ ናት ያዳነችኝ።»

«ያዳነህስ ፈጣሪ ነው፤ ስፒሏ ሰበብ ናት» ብላ እጁን ይዛ፣ አራቱም ልጆች ጋ ደወለች።

እናንተም ቤታችሁ ውስጥ «ምንም አልሆንኩም» የሚል አባት ወይ እናት ካለ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ደግማችሁ ጠይቁት።