ላጲስ የማይገባበት ቤት

እኔ ዘንድ ለማጥናት የሚመጣ ልጅ መጀመሪያ ላጲሱን ያስረክባል። በሩ አጠገብ ካለችው የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላታል፤ ሲወጣ ይወስዳታል። አምቦ ላይ ሳስጠና ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ ይህን ሕግ ለማንም አላላላሁም። ስህተቱን አጥፍቶ የሚያሳየኝ ልጅ ምን ያደርግልኛል? ትክክለኛውን መልስማ እኔም አውቀዋለሁ። የምፈልገው ስህተቱን ነው፣ እንዳለ፣ ሳይነካ።

ሁለተኛው ሕግ፣ የተሳሳተ ሰው ስህተቱን በአፉ ይናገራል። «ቅንፉን ስፈታ ምልክቱን አልቀየርኩም» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሌሎቹ እየሰሙት ካልተናገረ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አያልፍም። ያፍራሉ። ይልመዱት።

ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ አንድ ደብተር አለኝ። በግራው ገጽ ስህተቱን፣ በቀኙ ምክንያቱን እጽፋለሁ። የአመዩ ምክንያት ዓይኗ ነበር፤ ሩቅ አይታያትም፣ ሦስት አስተማሪ ግን ሰነፍ ናት ብሎ ደምድሞባት ነበር። ዘርትሁን ተቀምጦ አይገባውም፤ አቆምኩትና ገባው። ይህን ነገር ለትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ስነግራቸው ይስቁብኝ ነበር፤ ጡረታ ስወጣም እየሳቁ ሸኙኝ።

በ1980 ዓ.ም. የያዝኩት ከባዱ ልጅ ቀንዓ ነው። የካቺሲ ገበሬ ልጅ ነው። አምቦ ቤት ተከራይቶ ተማረ፣ ማትሪክ ላይ ሒሳብ ጣለው፣ እንደገና በግል ሊፈተን ተመዘገበ። ከትምህርት ቤት መዝገብ ስለወጣ ግን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ጠራው። እሱም ጊንጪ፣ አክስቱ ሽታዬ ዘንድ ተደበቀ። ፈተናው ሁለት ወር ቀርቶታል። ካለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ካላለፈ ወይም ከተያዘ መድረሻው ጦር ሜዳ ነው። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ እየተሳፈርኩ ጊንጪ መመላለስ ጀመርኩ።

ቀንዓ ሌሊት ብቻውን ሲሠራ አይስትም። እኔ ፊት ሲሠራ ግን የመቀነስ ምልክት እየዘለለ ያበላሸዋል። ሦስት ቅዳሜ ግራ ሲገባኝ ከረመ። በአራተኛው ወረቀቱን ትቼ ልጁን አየሁት። ውጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮው ወደዚያ ይሄዳል፣ እጁ ግን መጻፉን አያቆምም፤ ምልክቷ የምትጠፋው ያኔ ነው። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው። ወንበሩን አዙሬ ፊቱን ወደ በሩ አደረግሁት። ከዚያ ወዲያ ከሃያ ጥያቄ አንድ ቢስት ነው።

ቤቴ ስገባ በቀኙ ገጽ ላይ ጻፍኩ፦ «ምክንያት፦ መጥተው ይወስዱኛል ብሎ ይሰጋል። የአክስቱ ቤት ጊንጪ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ በሩ ወደ መንገድ ነው። ሁልጊዜ ፊቱን ወደ በር አድርጎ ይቀመጥ።» ኮራሁበት፤ እንዲህ ያለ ምክንያት ፈልጎ የሚያገኝ ሌላ አስጠኚ የለም ብዬ።

ሞቱማ የመጣው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ያስጠናሁት፣ ዛሬ የቀበሌው የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊ ሆኗል። እኔ አልወለድኩም። ልጅ ቢኖረኝ እንዲህ በሆነልኝ የምለው እሱን ነበር።

«እትዬ ሮማነወርቅ፣ ቀበሌው ለወደቁ ልጆች የማስጠናት ፕሮግራም ሊጀምር ነው» አለኝ። «የእርስዎን ዘዴ ነው የፈለግነው። ደብተሮቹን ለጥቂት ቀን ቢያውሱኝ አስጠኚዎቹን አሠለጥንባቸዋለሁ።»

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ነው። ያን ጊዜ የማስጠናቸውን የአምስቱንም ልጆች ደብተር በሲባጎ አስሬ ሰጠሁት። የቀንዓ ደብተር ከመሀል እንዳለ ዘንግቼው ነበር ብዬ አልዋሽም። እንዲያውም «የቀንዓን በደንብ አንብበው፣ ብዙ የሚያስተምርህ እሱ ነው» ብዬዋለሁ። ምክንያት የምትለዋን ገጽ ከአስጠኚ ሌላ ሰው ለሌላ ነገር ያነባታል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ዓርብ መለሰልኝ፤ አመስግኖ፣ ጉንጬን ስሞኝ ሄደ።

ቅዳሜ ጊንጪ ስደርስ የሽታዬ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«አካም ቡልተን» ብዬ ሰላም አልኳት።

«ሐሙስ ጠዋት መጡ፤ አራት ናቸው» አለች። «መንገድ እንኳ አልጠየቁም፣ ባርሲስቱ፤ ወፍጮ ቤቱን ዞረው ቀጥ ብለው ገቡ። በሩን እያየ ነበር የሚያጠናው። ሲመጡ አይቷቸዋል። መውጫው አንድ በር ብቻ ሆነበት።» ባርሲስቱ የምትለኝ መምህርት ለማለት ነው። ቀና ብላ አየችኝ። «ማን ነገራቸው?»

«እግዜር ይወቅ» አልኳት። እስከዚያች ደቂቃ እውነቴን ነበር።

ደብተሩን እንኳ ልተውላት ብዬ ከቦርሳዬ አወጣሁት። ስገልጠው በቀኙ ገጽ ላይ አንድ መስመር ጎድሏል። ቦታው ሳስቷል፣ የላጲስ ፍርፋሪ ስፌቱ ውስጥ ገብቷል። የምጽፈው በእርሳስ ነው፣ ስጽፍ ግን እጫናለሁ። ወደ ብርሃኑ ዘንበል ሳደርገው «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» የሚለው በደንብ ተነበበ። መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለሽታዬ አልነገርኳትም፤ ፈራኋት።

ከሰዓት በኋላ ሞቱማን ቀበሌው በር ላይ አገኘሁት። ገጹን ከፍቼ ሰጠሁት።

«ለእርስዎ ብዬ ነው ያጠፋሁት» አለ። ለመካድ አልሞከረም። «ሌላ ሰው ቢያየው እርስዎም ስለደበቁት ይጠየቁ ነበር። ኮታው አንድ ሰው ጎድሎብን ነበር፣ እትዬ። ወይ እሱ ነው፣ ወይ ወንድሜ ሌታ። ሌታን ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ። ቀንዓን የት አደረሳችሁት?»

«ትናንት ወደ ማሠልጠኛ ተጫኑ። አሁን ከእጄ ወጥቷል።»

«የማስጠናቱ ፕሮግራምስ?»

«የምን ፕሮግራም?» አለ። ወዲያው ትዝ አለውና ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝ።

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ይባላል። የተነከሰው የእኔ እጅ ብቻ ቢሆን በቻልኩት ነበር።

ቤቴ ገብቼ ከሣጥኑ የሞቱማን አሮጌ ደብተር አወጣሁ። የሁሉንም አስቀምጣለሁ። በግራው ገጽ፦ «ላጲስ በካልሲው ደብቆ ይገባል። ስህተቱን አጥፍቶ ንጹሕ ወረቀት ያሳየኛል።» በቀኙ፦ «ምክንያት፦ አባቱ በስህተቱ ይገርፈዋል።» ከሥሩ፣ ከዓመት በኋላ፣ በራሴ እጅ «ድኗል» ተብሎ ተጽፏል።

ያችን ቃል ብዙ አየኋት። በእርሳስ የተጻፈች ናት። በወተት ቆርቆሮዋ ውስጥ ማን እንደረሳት የማላውቃት አንዲት ላጲስ ነበረች። አላነሳኋትም። ከቃሉ ጎን «ተሳስቻለሁ» ብዬ ጻፍኩና ቀኑን አኖርኩበት።

በማግሥቱ እሑድ ጊንጪ ተመልሼ ሽታዬ ከጸሎት ቤት እስክትመጣ ደጃፏ ላይ ጠበቅኋት። ጎረቤቶቿ አጅበዋት መጡ። እስኪሄዱ ልጠብቅ አሰብኩና አፈርኩ፤ ልጆቼን ሰው ሲሄድ ተናገሩ ብያቸው አላውቅም።

«ያለበትን ቦታ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ደብተሩን አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በደንብ አንብበው ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ሽታዬ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ በሩን ከፈተችና ገባች። ስትዘጋው ከትከሻዋ በላይ የቀንዓን ወንበር አየሁት፤ እኔ እንዳዞርኩት፣ ፊቱን ወደ በሩ እንዳደረገ ነው።