ገመዱን የያዘ እጅ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ጥላው ለሁላችን ይበቃል። የማንጎው ቅጠል ራሳችሁ ላይ ቢረግፍ አትቆጡት፤ በዕድሜ ከኔም ይበልጣል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ጎረቤቴ ስለ ሙሄዲንና ስለ ልጁ ስለ ዓሪፍ ነው። ወሬው የሚያስቅ አይደለም። መሐል ላይ ብትስቁ ግን አልቀየማችሁም፤ እኛም ያኔ ስቀናል።

ሙሄዲንን ከመርሳ እስከ ውርጌሳ የማያውቀው የለም፤ የሚያውቁትም በፈረሱ ነው። ማሽላውንም ጤፉንም እንደ ሰው ያርሳል፤ ግን የእስላም ይሁን የክርስቲያን ሠርግ ሲደገስ ሙሽራ የሚያጅበው የሱ ፈረስ ነበር። ዳማ ይለዋል፤ መልኩ ቀላ ያለ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ ነው። ገና ውርንጭላ ሳለ ከዋድላ ደጋ በእግሩ እየመራ አወረደው፤ የቆላችን ሙቀት እንዳይጎዳውም በየምንጩ ያሳርፈው ነበር። ሚስቱ ረሂማ «እኔን ሲያገባኝ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም» እያለች ታሾፍበታለች።

ልጃቸው ዓሪፍ ያደገው ከዳማ ጋር ነው። መቼም እንደምታውቁት ፈረስ ጋልቦ ሲመለስ ወዲያው ውሃ አይሰጠውም፤ ሆዱን ይቆርጠዋል። ላቡ እስኪደርቅ ገመዱን ይዞ ቀስ እያሉ ማንሸራሸር ነው። ይህ የዓሪፍ ሥራ ነበር። ሙሄዲን አጥሩ ላይ ተደግፎ «ከፊት ሆነህ አትጎትተው! ትከሻው ሥር ሆነህ አብረኸው ሂድ!» እያለ ሲጮህ ከቤቴ እሰማዋለሁ።

ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ እንደ ብዙዎቹ የወረዳችን የሀብሩ ልጆች ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ገባ። እዚያ ከፈረስ ጋጣ ተቀጠረ። የእጁን ነገር ያየ አንድ የፈረስ አሰልጣኝ ወደ ኮሪያ ሲዛወር ይዞት ሄደ። ኮሪያ ውስጥ ሰው ትኬት ቆርጦ የፈረስ እሽቅድድም ያያል አሉ። ዓሪፍ ፈረሶቹን ያጥባል፣ ያበላል፤ ከእሽቅድድሙ በፊት ደግሞ ገመዳቸውን ይዞ በተመልካች ፊት ያዞራቸዋል።

«እዚያም ያው ማንሸራሸር ነው አባ» አለ በስልክ። «ልዩነቱ እዚህ ሰው ያጨበጭባል።»

ከሚይዛቸው መካከል አንዲት ጥቁር ባዝራ ነበረች። ብዙ ጊዜ አንደኛ ትወጣለች፤ በጋዜጣ ሥዕሏ ይወጣል። ቪዲዮዋን በላከ ቁጥር የረሂማ ቤት በሰው ይሞላል። አንድ ቀን ወጌሻው አዳነም መጣ። አዳነ የሰባራ አጥንት የሚጠግን፣ ምላሱ ግን አጥንት የሚሰብር ሰው ነው። ባዝራዋ ጀርባ ላይ የደረበችውን ጥልፍ ልብስ አይቶ፦

«ኧረ ይቺ ፈረስ ናት ወይስ ሙሽራ?» አለ።

«ሙሽራ ባትሆን ልጄ ክራባት አስሮ ይመራት ነበር?» አለች ረሂማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ሙሽሪት ሆነ። የኮሪያ ስሟን አፋችን አልያዘልንም። ዓሪፍ በስልክ የነዚህ ፈረሶች ዘር እስከ ሰባት ቤትና ከዚያም በላይ ተመዝግቦ እንደሚታወቅ ሲነግረን አዳነ ሳቁ አመለጠው።

«ሰማህ ሙሄዲን? አንተ እንኳ ከአምስት ቤት በላይ ስትቆጥር ትጠፋለህ!»

«ያንተ ደግሞ ካያትህ ወዲያ ያለው ባይወራ ይሻላል» አለው ሙሄዲን። በሳቅ ወደቅን። ሙሄዲን ግን ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም። «እዩት» አለ ቀስ ብሎ። «ከትከሻዋ ሥር ነው የሚሄደው።»

ይህ ደስታ ብዙ አልቆየም። አንድ እሑድ ሙሽሪት ከፊት ሆና ስትጋልብ ወደቀች፤ የፊት እግሯ ተሰበረ። እዚያ አገር ደንቡ ሌላ ነው። ሰው እንዳያይ መጋረጃ ጋረዱ፤ የእንስሳት ሐኪም መጣና በመርፌ አሳረፋት። ዓሪፍ ይህን ሊነግራቸው ደወለ። እኔ ከረሂማ ጋር ጎመን ስቀነጥብ ሰማሁ።

«ገመዷን የያዘው ማን ነው?» አለ ሙሄዲን።

«እኔ ነኝ አባ።»

«አንተ ይዘህ አስገደልካት?»

«እግሯ ደቅቆ ነበር አባ። አትድንም አሉ።»

«አሉ! አንተስ ምን አልክ?»

«ምንም አላልኩም። ራሷን ያዝኩላት።»

ሙሄዲን ቆመ። «ይህን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰው በሷ ያገኘኸው ገንዘብ አይደለም? ያበላህ ፈረስ፣ የተሸከመህ ፈረስ አይገደልም! ይህን ከኔ አልሰማህም? ወላሂ፣ እኔ ነፍሰ ገዳይ አልወለድኩም። ሁለተኛ የፈረስ ወሬ እንዳታወራኝ!» አለና ስልኩን ረሂማ ጭን ላይ ወርውሮ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ዓሪፍ ሲደውል ከእናቱ ጋር ብቻ ሆነ። ሙሄዲን የስልኩን ጥሪ ሲሰማ ወደ ጋጣው ይሄዳል። ቪዲዮም ቀረ፤ እኛም መሰብሰባችንን ተውን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አትዘኑብኝ። እኛ ፈረስ አንገድልም፤ እውነት ነው። ቤት ያፈርሳል፣ ዘር ያመክናል ይባላል። ግን ፈረስ ሲያረጅ ወይ ሲሰበር ምን እናደርጋለን? ጎትተን ከገደሉ አፋፍ እናደርሰዋለን፤ ፊታችንን አዙረን እንመለሳለን። ሌላውን ጅብ ይጨርሳል። ጠዋት በዚያ የሚያልፍ የለም። እጃችን ንጹሕ ነው እንላለን። እኔም እንደዚያ ስል ኖሬአለሁ።

ባለፈው ጥር ከሲሪንቃ ወዲህ ሠርግ ነበር። ሙሄዲን ሽበቱን በሻሽ ጠቅልሎ፣ ዳማን ሸልሞ፣ ከጎረምሶቹ ጋር ሜዳው ላይ ጋለበ። ሴቶቹ እልል አልን። ከሜዳው ጫፍ የመስኖ ቦይ ነበር፤ ሣር ሸፍኖታል። ዳማ የፊት እግሩ ገባ። ድምፁን ከዳስ ሥር ሆነን ሰማነው፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደምትሰሙት ነው። ሙሄዲን ተፈንግሎ ወደቀ፤ ተነሣም። ዳማ ግን በሦስት እግሩ ቆመ፤ አራተኛው ተንጠልጥሏል።

በስንት ጭንቅ በአይሱዙ ጭነን ቤት አደረስነው። ሽማግሎቹ እንደ ደንቡ ተነጋገሩ።

«ሙሄዲን፣ ሳይመሽ ወደ አፋፉ እናድርሰው» አሉ።

«ዳማን ለጅብ? እናንተን ልስጥ እንጂ!»

«እንግዲያው ምን ይሁን?»

«ይድናል። አዳነን ጥሩልኝ።»

አዳነ መጣ። የዚያን ቀን አልቀለደም። «የሰው እግር ነው የማውቅ፤ ሰው ተኛ ሲሉት ይተኛል» አለ። ሙሄዲን እጁን ሲስመው ግን እምቢ አላለም። ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ በጨርቅ ጠፍሮ አሰረው። ዳማ ተኛ ቢሉት አይተኛ፤ ለመቆም ሲታገል እሥሩ ይላላል። እንደገና ያስሩታል፣ እንደገና ይፈታል። እግሩ አበጠ። ዝንብ መጣ። ሙሄዲን ሌት እሳት አንድዶ ጅብ ያባርራል፣ ቀን ዝንብ ያባርራል። የዱባ ቁርጥራጭ በእጁ ቢያቀርብለት ዳማ ከንፈሩን እንኳ አላነቃነቀም።

ረሂማ ከወረዳ የእንስሳት ሐኪሟን ወይንሸትን አስጠራች። ልጅቷ በሞተር ብስክሌት መጣች፤ እሥሩን ፈትታ አየች፤ መልሳም አላሰረችውም።

«አባቴ፣ አጥንቱ አይገጥምም። ቁስሉም ወደ ውስጥ ገብቷል። መድኃኒት ይዣለሁ፤ እንደ እንቅልፍ ነው።»

«መርፌሽን ይዘሽ ሂጂ ልጄ። እኔ ቤት አይሆንም።»

ወደ ሸኹም ሄደ። ሸኹ «እንስሳን ማሰቃየት ወንጀል ነው ሙሄዲን፤ ራህመት የቱ ጋ እንዳለ አንተ እይ» አሉት። ይህን ሰምቶ ተመለሰ፤ ዳማ አጠገብ ቁጭ አለ። ፈረሱ ያቃስታል። ፈረስ ሲያቃስት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንዳያሰማችሁ። ልጆቹ ቀርተው ውሾቹ እንኳ ከደጃፉ ሸሹ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ለረሂማ ውሃ ላቀብል ገባሁ። ረሂማ ከባሏ ፊት ቆማለች። ረሂማ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት፤ ያን ቀንም አላደረገችም።

«ልጄን ገዳይ አልከው» አለችው። «እሱ ፈረሷን ቶሎ አሳረፋት። አንተስ ምን እያደረግህ ነው?»

ሙሄዲን ወደኔ ዞረ። «ቡርቱካን፣ አንቺም እንዲሁ ትያለሽ?»

ምን ልበል? የዳማን እግር አየሁ። «ዓሪፍን ጠይቀው» አልኩት። «ከኛ ውስጥ በዚህ ያለፈ እሱ ነው።»

ሙሄዲን እጁን ዘረጋ፤ ረሂማ ደውላ ስልኩን ሰጠችው። ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው።

«እማ?» አለ ዓሪፍ።

«እኔ ነኝ።»

«አባ? ማን ሞተ?»

«ዳማ ተሰበረ። ሐኪሟን መልሼ ላስጠራት ነው። እንዴት ነው የሚያዘው?»

«ምኑ አባ?»

«ገመዱ። ያንለት አንተ እንዴት ያዝከው?»

ልጁ ሲያለቅስ የሰማሁ መሰለኝ፤ ሲናገር ግን ድምፁ የረጋ ነበር። «አያጥብቁት አባ። ካጠበቁት የሚሸሸው ነገር እንዳለ ያውቃል። ላላ አድርገው ይያዙት። በራሱ በኩል ይንበርከኩ፤ መዳፍዎን ዓይኑ ላይ ያድርጉ፤ ሐኪሟ ስትቀርብ አይያት። ከዚያ ያናግሩት። እስኪያበቃ ድምፅዎ አይቋረጥ።»

«ምን እያልኩ?»

«ሁልጊዜ ከግልቢያ ሲመልሱት የሚሉትን። 'አብሽር የኔ ጌታ፣ አብሽር፣ ቤት ደረስን' ይሉት የለም? እኔም ለሷ ያንኑ ነው ያልኳት።»

«በአማርኛ?»

«በአማርኛ አባ። ሌላ አልመጣልኝም።»

ሙሄዲን ስልኩን መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ግን አልዘጋውም። ወይንሸት እስክትመጣ ሦስታችንም ጠበቅን፤ ዓሪፍም ከወዲያ ጠበቀ። ስትመጣ ሙሄዲን ልጁ እንዳለው አደረገ። ተንበረከከ፤ ገመዱን አላላ፤ መዳፉን ዓይኑ ላይ አደረገ። «አብሽር የኔ ጌታ፣ ቤት ደረስን» ይላል፤ ይደግመዋል። መሐል ላይ ድምፁ ሊቆረጥ ሲል ከስልኩ ውስጥ የልጁ ድምፅ ተቀበለው፤ «አብሽር፣ አብሽር» እያሉ አብረው ጨረሱት። የዳማ አንገት ከበደ። ወይንሸት ደረቱን አዳምጣ ራሷን ነቀነቀች።

ሙሄዲን ከተንበረከከበት ሳይነሣ ስልኩን አነሣ። «አላህ ይስጥህ» አለ። ቀጥሎም፣ ወደ ቀድሞው ወሬ ሊመልሰው ፈልጎ ይመስለኛል፣ «አሁንሳ? አሁን የማንን ገመድ ነው የምትይዝ? እንደ ሙሽሪት ያለች አለች?» ብሎ ጠየቀው።

«ፈረስ ትቻለሁ አባ። ዓሣ የሚታሸግበት ፋብሪካ ነው የምሠራ።»

«መቼ ተውክ?»

«ያኔ ነው። ከዚያ ስልክ በኋላ ወደ ጋጣው ስገባ እጄ እምቢ አለኝ።»

ረሂማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ ስታውቅ ኖራ መደበቋ ነበር። ሙሄዲን «ተመለስበት እንጂ ልጄ» አለ። «እጅህ ጥሩ እጅ ነው።» ዓሪፍ «ኢንሻአላህ» አለ። ኢንሻአላህ ሲባል የሚሆን ነገርና የማይሆን ነገር በድምፁ ይለያል፤ እኛ ሦስታችን ለየነው።

ዳማን ወደ አፋፉ አልወሰድነውም። አዳነና ጎረምሶቹ ከማሽላው ማሳ ዳር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ። ለፈረስ ጉድጓድ ሲቆፈር ያየ በኛ አገር የለም፤ የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። አሁን አባትና ልጅ ይነጋገራሉ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ። ፈረስ ግን በመሐላቸው አይነሣም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ፀሐዩ ዘንበል ብሏል፤ ወደየቤታችሁ ትገባላችሁ። ዳማን የሚያስታውሰው ብዙ ነው፤ ለሱ አላስብም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ያቺን ጥቁር ባዝራ፣ ሙሽሪትን፣ አንዳንዴ አስቧት። አገሯ ሩቅ ነው፤ ያገሯ ሰው ያስባት እንደሆነ አላውቅም። እሷ ግን በሀብሩ ልጅ እጅ ላይ፣ በኛው ቋንቋ «ቤት ደረስን» ስትባል ነው ያረፈችው። እባካችሁ፣ እንዳትረሷት።