ጳጉሜ ስድስትን የማያውቅ ማሽን

ሰው ጠላቱ የሚወድቅበትን ቀን አያውቅም። እኔ ግን የገብረወልድን ቀን አንጥሬ አውቀው ነበር፤ ጳጉሜ 6 ቀን 1979። ቡልቡላ፣ አስፋልቱ ዳር ባለችው የእንስሳት መድኃኒት ማደያ ተቀምጬ ዓመት ከመንፈቅ ጠብቄዋለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ብቻ ያዝኩ፤ ማንም አልነቃብኝም።

ከዚያ በፊት ናዝሬት፣ ዋናው መጋዘን፣ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። ማሽኑ ጠዋት ሲከፈት ከሁሉ አስቀድሞ ቀኑን ይጠይቃል። ቀኑን ካልነገሩት አንዲት ፊደል አይጽፍም። የእኛን የቀን አቆጣጠር ያስተማሩት አዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። ሥራቸውን ካስረከቡ በኋላ ስህተት ባገኙ ቁጥር ማረሚያውን በዲስኬት ይልኩልን ነበር። ሦስት ዲስኬት መጣ። ሦስቱንም አለቃዬ ገብረወልድ አላስጭን አለ።

"ማሽኑ ትናንት ሠርቷል?" አለኝ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

"ሠርቷል፣ ጓድ ገብረወልድ። ግን የሣር ቤትም በየክረምቱ ካልተከደነ ያፈሳል። ሰዎቹ ሲሠሩት ያላዩትን ቀዳዳ ዛሬ አይተውታል። ማረሚያው ደግሞ አንዱ በአንዱ ላይ ነው የሚቆመው፤ የመጀመሪያውን ካልጫንን ሦስተኛው አይገባም።"

"የሚሠራ ማሽን መነካካት ምን ይባላል? አሻጥር ይባላል።"

ያን ጊዜ ይህች ቃል ሰው ታሳስራለች። እኔን ቡልቡላ ማስወርወሯ እንደ ምሕረት ተቆጠረልኝ። የመጨረሻ ቀኔ ላይ ዲስኬቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ጣላቸውና "አሻጥርህን ይዘህ ጥፋ" አለኝ። ይዤ ጠፋሁ። ሳጥኔ ውስጥ፣ ከሸሚዞቼ ሥር አስቀመጥኳቸው።

ሦስተኛው ዲስኬት ላይ የተለጠፈው ወረቀት አንድ መስመር ነበር፦ "የጳጉሜ 6 ማረሚያ።" ባለሙያዎቹ በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜ ስድስት ቀን እንደምትሆን ረስተው ኖሯል። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የማይስተውን ነገር የኮምፒውተር ሊቅ ሳተው። እኔ ከሄድኩ በኋላ ደግሞ ገብረወልድ ከማሽኑ ያልታተመ ማዘዣ ዋጋ የለውም፣ በእጅ በተጻፈ ወረቀት መጋዘን የከፈተ ጥበቃ ይጠየቃል የሚል ሰርኩላር በተነ። ሰርኩላሩን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቡልቡላ ቤት ያከራዩኝ ኦቦ ፈይሳ ናቸው። ከናዝሬት የተባረርኩበትን ምክንያት ሳይጠይቁ ከጓሯቸው ያለችውን ክፍል ሰጡኝ። ሀብታቸው ሁለት በሬ ነው። ጳጉሜ 3 ቀን በሰፈሩ አባሰንጋ ገባና የጎረቤት ላሞች ወደቁ። መድኃኒትና ክትባት እንዲላክ ናዝሬት ደወልኩ፤ ጳጉሜ 6 ጠዋት ይጫናል አሉኝ። ቀኑን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ለበሬዎቹ አልነበረም የዘለለው።

ቀኑ ደረሰ። ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። በእኔ ቦታ የተተካው ሐዲስ ነበር።

"ጋሼ መርዳሳ፣ ጉድ ሆነናል። ጳጉሜ 6 ብዬ ስጽፍ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይለኛል።"

"ጳጉሜ 5 በለዋ።"

"ብዬው ነበር። የትናንቱ ቀን ተዘግቷል አለ። ጓድ ገብረወልድ መስከረም 1 በል አሉኝ፤ ብል አዲስ ዓመት ከፈተና መጋዘኑ ባዶ ነው አለኝ። መድኃኒቱ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ አንድም ብልቃጥ የለም ይላል። ዲስኬቶቹ እርስዎ ጋ ናቸው አሉ?"

"ናቸው። ጓድ ገብረወልድ ራሱ ይደውል።"

ከሰዓት በኋላ ደወለ። ድምፁ ተለሳልሷል፤ መርዳሳ፣ ወንድሜ፣ አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቂሙን ይዤ የኖርኩትን ያህል አስለመንኩት። በመጨረሻ፣ አሻጥረኛ አለመሆኔን በማኅተም አስደግፎ ካልጻፈልኝ ከቡልቡላ አልነቃነቅም አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ኦቦ ፈይሳ በር ላይ ቆመዋል።

"አካም ዋልክ፣ መርዳሳ? መድኃኒቱ መጣ?"

"ማሽኑ ታሟል፣ ኦቦ ፈይሳ" አልኩ፣ ሳቄን እየዋጥኩ።

"እሱም እንደ ከብት ይታመማል?" አሉና ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ።

መስከረም 1 እና 2 በዓል ነበር። ደብዳቤው መስከረም 3 ጠዋት በመኪና መጣ፤ ማኅተሙን በጣቴ ዳበስኩት። በዚያው መኪና በሞጆ አድርጌ ናዝሬት ገባሁ። ገብረወልድ ከኋላዬ ቆሞ ላቡን እየጠረገ፣ ሦስቱን ማረሚያዎች በተራ ጫንኩ፤ በአዲስ ዓመት ስም የተከፈተውንም ባዶ መዝገብ ሰረዝኩ። ሁሉም አንድ ሰዓት አልፈጀም። ማሽኑ ጳጉሜ 6ን ተቀበለ፣ መድኃኒቱን ቆጠረ፣ ማዘዣውን አተመ። ሠራተኛው ሲያጨበጭብልኝ ገብረወልድ አንገቱን ደፋ። የደፋውን አንገቱን እስክጠግብ አየሁት።

ክትባቱን ጭኜ አመሻሽ ላይ ቡልቡላ ደረስኩ። ኦቦ ፈይሳ ከበረቱ ፊት በደረቅ መሬት ተቀምጠዋል። አንደኛው በሬ ጠዋት ሞቶ ጎትተው ቀብረውታል። ሁለተኛው ቆሟል፤ አባሰንጋው አልነካውም። የማደያችን ሐኪም መርፌውን ሲወጋው ከጎናቸው ቆምኩ።

"በአንድ በሬ አይታረስም" አሉ፣ እንደ ተራ ወሬ። ቀጠሉ፦ "ሰው ሁሉ ነገረኝ፤ ናዝሬት ድረስ ሄደህ ማሽኑን ያዳንከው አንተ ነህ አሉ። ፈጣሪ ያክብርህ። ያቺን ሦስት ቀን የወሰደብኝን ሰው ደግሞ የእጁን ይስጠው።"

"አሜን" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።