የካሱ የፊት ፍሬን

ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ሳይክል ያለው ሰው ሁሉ ካሱን ያውቀዋል። ጎማ ቢተነፍስ፣ ሰንሰለት ቢበጠስ፣ መሪ ቢጣመም የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። እጁ ወርቅ ነው። አፉ ግን አያርፍም፤ ሳይክል ሊያሠራ የመጣ ሰው ምክር ሳይጠግብ አይመለስም። «በመኪና ጀርባ እንዳትንጠለጠል!» «የቆመ ባጃጅ በቀኝ እንዳታልፊ!» «ከሴቻ ቁልቁለቱን ስትወርድ ወሬ እንዳታወራ!» ምክሩስ ምክር ነው፣ በአንዱ ጆሮ ሰምቶ በሌላው ማፍሰስ ይቻላል። የሚከፋው ሥራው ነው። ሴት ወይም ተማሪ ከሆነ ደንበኛው፣ ቢጠይቀውም ባይጠይቀውም፣ ካሱ የፊት ፍሬኑን ሽቦ መዝዞ ያወጣዋል።

«ፊተኛው ይገለብጣል» ይላል። «የኋላው ይበቃሻል።»

ያወጣውን ሽቦ ጠቅልሎ በባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምረዋል። አስራ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው በግልጽ የተቃወመው፤ ፊት ለፊቱ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ኸይሩ። «ቻይና ሁለት ፍሬን አድርጎ የሠራውን፣ አንተ ማን ሆነህ ነው አንድ የምታደርገው?» ይለዋል። ካሱ ሽቦውን መጠቅለሉን ይቀጥላል። ታናሽ ወንድሙ ጌታነህ ያቺው የሴቻ ቁልቁለት ላይ፣ መንገዱ ገና ኮረኮንች በነበረበት ጊዜ፣ በመሪው ላይ ተገልብጦ ወድቆ በሦስተኛው ቀን መሞቱን ኸይሩ አሳምሮ ያውቃል። ደግሞ ሰሞኑን ሁለቱ ብዙም አይነጋገሩም። ከሁለት ወር በፊት ካሱ አሥር ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፉ ጠፍቶበታል፤ ተበድሮ አልመለሰም ብሎ የጠረጠረውም ኸይሩን ነው።

ሴቻ ከላይ ናት፣ ሲቀላ ከታች። በመካከላቸው ያለው አስፋልት ሲወጡት ነፍስ ያወጣል፣ ሲወርዱት ነፍስ ይዞ ይሄዳል። የካሱ ሴት ልጅ ሳባ በዚያ መንገድ በቀን ሁለቴ ትመላለሳለች። ሴቻ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ መዝገብ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ዓመት ሊሞላት ነው። እናቷ ልክነሽ «ልጄ በባጃጅ ትሂድ» ብላ ለምና ነበር። ካሱ ግን «የሳይክል ሠሪ ልጅ በባጃጅ ስትሄድ ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ለሷ የሚሆን ሳይክል በገዛ እጁ ገጣጠመላት። የፊት ፍሬኑን ሽቦ መዘዘ፣ የኋላውን አጠበቀ፣ እንደ ደስተኛ አባት ቆሞ አያት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በተቃረበ ቁጥር ዓይኑ ከመንገዱ አይነቀልም። ሳባ መታጠፊያው ላይ ብቅ እስክትል ድረስ የያዘው ብሎን እንኳ በትክክል አይገባለትም። ይህን ለማንም አይናገርም።

ያን ቀን፣ በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ ጠዋት ሳባ ረፍዶባት ነበር።

«አባዬ፣ ቶሎ በልልኝ፣ ፊርማ ይነሣል» አለችው።

የኋላ ፍሬኗ ሽቦ ላልቶ ስለነበር ካሱ ሊቀይርላት በዋዜማው ማታ ሰው ልኮ ከኸይሩ ሱቅ አዲስ አስገዝቶ ምስማሩ ላይ ሰቅሎታል። እዚያው ምስማር ላይ ሌላ ሽቦ ነበር። ዕቃ ማሰሪያ እንዲሆን በዘይት አሽቶ ያስቀመጠው፣ መሃሉ ላይ ክሮቹ የተበጣጠሱ አሮጌ ሽቦ። ካሱ እጁን ወደ ምስማሩ ሲሰድ አንድ ጎረምሳ በአይሱዙ ጀርባ ተንጠልጥሎ ሲያልፍ አየ። ዓይኑ ከጎረምሳው ጋር ሄደ። «አንተ! እናትህ ሌላ ልጅ አላት ወይ?» ብሎ እየጮኸ፣ እየተራገመ፣ እጁ የለመደውን ሥራ በራሱ ጊዜ ሠራ። ሽቦውን አስገባ፣ አጠበቀ፣ ሳባን ሸኛት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ካሱ ግን ማፍሰሱንም አላወቀም።

ያወቀው ማምሻው ላይ ነው። ጉታ የሚባል የጫኖ ገበሬ አንድ ዘለላ ሙዝ ሳይክሉ ላይ ሊያሳስር መጣ። «ያቺን አሮጌ ሽቦህን አምጣትና እሰርልኝ፣ ጋሽ ካሱ» አለው። ካሱ ከምስማሩ ላይ ሽቦውን አውርዶ ሊጠመዝዘው ሲል ሽቦው እንቢ አለው። ጠንካራ ነው። ያበራል። ጫፉ ላይ ያለችው ቆብ እንኳ ገና አልወለቀችም።

ቆሞ ቀረ።

«ምነው?» አለ ጉታ።

ካሱ ምስማሩን አየ። ምስማሩ ባዶ ነው። አሮጌው የት እንዳለ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ሳባ ሳይክል ላይ ነው። ሰዓቱን ሲያይ አሥራ አንድ ከሃያ ይላል። ከሴቻ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ለሳባ ስልክ ደወለ። የቴሌዋ ሴትዮ በተለመደው ድምፅዋ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል ነገረችው። ደግሞ ደወለ። ደግማ ነገረችው። ወደ መንገዱ ወጥቶ ባጃጅ ለማስቆም እጁን ቢያውለበልብም ሁሉም ጢም ብለው ሞልተው አለፉት። የሥራ መውጫ ሰዓት ነው፤ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ሳይክሉ፣ ከብቱ ሁሉ በአንድ አስፋልት ላይ ፈስሷል። ካሱ መንገዱን በሩጫ አቋርጦ የኸይሩ ሱቅ ገባ።

«ሳይክልህን ስጠኝ!»

ኸይሩ ፊቱን አይቶ ስለ ቁልፉም ስለ ኩርፊያውም አላነሣም። «ውሰድ» አለው። ካሱ መሪውን ሲይዝ ኸይሩ ከኋላው «ሁለቱም ፍሬን ይሠራል!» ብሎ ጮኸ።

ካሱ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ሳይክል ይሠራል እንጂ ዳገት ከወጣ ዘመን የለውም። የመጀመሪያውን ዳገት ቁና ቁና እየተነፈሰ ወጣው። ሁለተኛው ላይ እግሩ ተንቀጠቀጠ። ከላይ እየተንደረደሩ የሚወርዱትን ሳይክሎች አንድ በአንድ ያያል። ወንድ። ወንድ። ሴት ናት! ሳባ አይደለችም። ያን ሽቦ መሃሉ ላይ ስንት ክር ሲቀረው ነበር ያስቀመጠው? አራት? ሦስት? ጠዋት ዳገት ስለሆነ ፍሬን አልነካችም። ሴቻ ሜዳ ላይ ቀስ አድርጋ ነክታው ይሆናል። ቁልቁለቱ ላይ ግን ጨምቃ ትይዘዋለች፤ «አጥብቀሽ ያዢው፣ እሱ ነው ያለሽ» ብሎ ያስተማራት እሱ ነው።

ከኋላው አንድ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ መጣ። ካሱ አየው። አይሱዙው አጠገቡ ሲደርስ፣ ስንቱን ሰው የገሰጸበትን፣ ስንቱን የሰው ልጅ የረገመበትን ነገር አደረገ። በቀኝ እጁ መሪውን ይዞ በግራው የጭነቱን ሰንሰለት ጨበጠና ተንጠለጠለ። ጭሱ አፍንጫው ገባ። ክንዱ ከትከሻው የሚነቀል መሰለው። አላለቀቀም።

እዚያ እንደተንጠለጠለ ነው ጌታነህ ትዝ ያለው። አስራ አራት ዓመት ሙሉ ሲገፋው የኖረው ነገር በሲሚንቶ መኪና ጀርባ ላይ አገኘው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የፊት ፍሬን እንደገለበጠው ነው፤ ይህን ያወራውም ራሱ ካሱ ነው። ማንም የማያውቀውን ግን ካሱ ያውቃል። የጌታነህ የኋላ ፍሬን ጎማ አልቆ ነበር። ጌታነህ ያን ዕለት ጠዋት «ይህን ቀይርልኝ» ብሎ መጥቶ ነበር። ካሱ ሌላ ሰው እየጠበቀው ስለነበር «ነገ» አለው። የኋላ ፍሬን የሌለው ሰው ቁልቁለት ላይ ምን ያደርጋል? ፊተኛውን ብቻ በሙሉ ኃይሉ ይጨብጣል። ካሱ «ነገ» ያለውን አፉን መቅጣት ቢያቅተው ፍሬኑን ሲቀጣ ኖረ። አሁንም ያው እጁ ነው፣ ያው ቁልቁለት ነው። የፈሩት ይደርሳል እያለ አለቀሰ፤ ንፋሱ ነው ብሎ የሚዋሸው ሰው አጠገቡ ስለሌለ በግልጽ አለቀሰ።

ዋናው ጥምዝ ጋ ሲደርሱ አይሱዙው ፍጥነቱን ቀነሰና ቆመ። ከፊት ሰው ተሰብስቧል።

ካሱ ሰንሰለቱን ለቀቀ። የኸይሩን ሳይክል አስፋልቱ ላይ ጣለው። ሰው ሲሰበሰብ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ በጌታነህ ጊዜም እንዲሁ ጀርባ ብቻ ነበር የሚታየው። አንዲት ሴት «ማርያም ናት ያተረፈቻት» ስትል ሰማ። «ያተረፈቻት» የሚለው ቃል ጆሮው ገብቶ ልቡ እስኪደርስ ሰዎቹን በክርኑ እየገፋ መሃል ገባ።

ሳባ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ተላልጦ ትንሽ ደምቷል። ከፊቷ በድንገት የቆመ ባጃጅ አለ፤ በባጃጁና በሳይክሏ ጎማ መካከል አንድ ስንዝር የምታህል ቦታ ቀርታለች።

«አባዬ?» አለች። ከዚያ ከኋላው ያለውን አይሱዙ አየች። «መኪና ላይ ተንጠልጥለህ መጣህ?»

ካሱ አጠገቧ ተንበረከከ። ራሷን፣ ክንዷን፣ እግሯን እንደ ተሰበረ ዕቃ ዳሰሳት። ሁሉም በቦታው ነው። ከዚያ ሳይክሉን አየ። የኋላው ፍሬን ሽቦ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

«ከላይኛው ቁልቁለት ላይ ነው የተበጠሰው» አለች ሳባ። «ባጃጁ ድንገት ቆመብኝ።»

«ታዲያ አንቺ በምን ቆምሽ?»

ሳባ አቀረቀረች። ካሱ ዓይኑን ወደ ፊተኛው ጎማ መለሰ። እሱ ባዶ ያደረገው ቦታ ላይ ሽቦ ገብቷል። በደንብ ነው የገባው፤ ሲጠብቅም እሱ እንደሚያጠብቀው ሆኖ ነው የጠበቀው።

«ማን ሠራልሽ?»

ሳባ የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ቁልፍ አወጣች። አሥር ቁጥር። እጀታው ላይ ካሱ በልጅነቷ ያሰረው ቀይ ፕላስቲክ አለበት።

«እኔው» አለች። «ሁለት ወር ሆነኝ። አንድ ቀን ዝናብ ዘንቦ የኋላው ብቻውን ተንሸራትቶ ከሚኒባስ ሥር ሊከተኝ ነበር። ጋሽ ኸይሩን ስጠይቀው ‹ሁለቱን አብረሽ፣ ቀስ አድርገሽ ያዢ› አለኝ። ሽቦውንም ከሱ ገዛሁ። ከሥራ ስወጣ ግቢው ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ሲቀላ መታጠፊያው ጋ ከመድረሴ በፊት አወጣዋለሁ። ቤት ይዤው ብመጣ አጎቴን ታስታውሳለህ ብዬ ነው። እሱን ባስታወስክ ቁጥር ደግሞ ማታ ራት አትበላም።»

ካሱ ሁለት ወር ሙሉ በሌባነት የጠረጠረውን ጎረቤቱን አሰበ። «ሁለቱም ፍሬን ይሠራል» ብሎ ከኋላው የጮኸውን አሰበ። ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣበትና ሁለቱንም ዋጣቸው።

«ሽቦውን የቀየርኩት እኔ ነኝ» አላት። «አሮጌውን ነው ያስገባሁልሽ።»

«አውቄያለሁ፤ ሲበጠስ አየሁት።»

«የአጎትሽም...» ብሎ ቆመ። ከዚያ ሁለቱን ሳይክሎች በእጅ እየገፉ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ነገራት። ስላለቀው የፍሬን ጎማ፣ ስለ «ነገ»። ዝናቡ ጀመራቸው። ሳባ አንድ ጊዜ ብቻ ክንዱን ያዘችው።

ሱቁ ሲደርሱ ጉታ የሙዙን ዘለላ ታቅፎ በረንዳው ላይ ተጠልሎ ቆሟል። ኸይሩም አብሮት አለ። ሳባን ሲያይ «አልሐምዱሊላህ» አለና ሌላ አልጠየቀም። ካሱ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሄዶ የወተት ቆርቆሮውን አወረደ። ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ሽቦዎቹ ተጠላልፈው ወጡ፤ እንዲህ ብዙ መሆናቸውን እስከዛሬ አላየም ነበር።

«ይቺ የብርቅዬ ናት» አለ፣ አንዱን እያነሣ። «ገበያ ቲማቲም ይዛ የምትመላለሰው። ይቺ የመምህርቷ ናት። ይሄ የአሞጽ ልጅ... ይሄ...» አራተኛውን ይዞ ቀና ሲል፣ በዝናቡ ውስጥ ነጭ ጋዋኗን በፌስታል ጠቅልላ መሪው ላይ ያንጠለጠለች ሴት ወደ ሴቻ ስትወጣ አየ። ነርሷ በለጥሽ ናት። የአዳር ተረኛ ስትሆን በዚህ ሰዓት ትወጣና ጠዋት እንቅልፍ ባጨናበሰው ዓይኗ ያን ቁልቁለት ትወርደዋለች።

ካሱ በእጁ የያዘው ሽቦ የሷ ነበር።

«በለጥሽ!» ብሎ ጮኾ ወደ መንገዱ ሮጠ። አንድ ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋበት። «በለጥሽ! ቁሚ!»

በለጥሽ ደንግጣ ቆመች። «ምነው ጋሽ ካሱ? ምን አጠፋሁ?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ውረጂ፣ ፍሬንሽን ልሥራልሽ።»

«አሁን ረፍዶብኛል፣ ተረኛ ነኝ እኮ። ነገ ጠዋት ስመለስ ትሠራልኛለህ።»

«ነገ አይሆንም» አለ ካሱ። መሪዋን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅ አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ መዳፉን ዘረጋ።

«አሥር ቁጥሩን አምጪልኝ።»

ሳባ ቦርሳዋን ከፈተች።