ዲክሂል ላይ የፈሰሰው ወንዝ

ላስ ቬጋስ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን አዳራሽ በወረርሽኙ ምክንያት ከዓመት በላይ ተዘግቶ ቆይቶ የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። በልጆቹ መማሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ የጅቡቲን ካርታ የነደፍሁት እኔ ነበርሁ፤ እንድነድፈው የጠየቀችኝ ደግሞ ሀጅራ ናት። እናቷ ወሎዬ ናቸው፤ እሷ ያደገችው ዲክሂል በምትባል የጅቡቲ ከተማ ነው። አሁን ስትሪፕ በሚባለው የሆቴሎች ጎዳና ላይ በሚገኝ ሆቴል የእንግዳ ክፍሎች ታጸዳለች። «ልጆቼ ያደግሁበትን አገር አያውቁትም፤ ግድግዳ ላይ እንኳ ይዩት» ብላኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ጂኦግራፊ ስለሆነ ንድፉን በጥንቃቄ ሠራሁት። ጅቡቲ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞሉ ደረቅ ሸለቆዎች እንጂ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። አዋሽም ከኢትዮጵያ ወርዶ በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ባሕር አይደርስም።

ከሰዓት በኋላ ሀጅራ ከሥራ ሺፍቷ በቀጥታ መጥታ ግድግዳው ፊት ቆመች።

«ሀዲያ፣ ከተማዬን ምን አደረጋችኋት?» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ከአቤ ሐይቅ የወጣ ወፍራም ሰማያዊ መስመር ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ገብቷል። ዲክሂል ከነስሟ ከሥሩ ጠፍታለች።

«አሰመጣችሁኝ እኮ! ዋና እንኳ አልችል» አለች። አልሳቀችም።

ቀለሙን የቀባችው እዚሁ ላስ ቬጋስ ተወልዳ ያደገችው ቤቴል ናት። «ጋሽ ይልማ ነው ያለኝ» አለች ደንግጣ። «ሪቨሩን ፊኒሽ አድርጊው አለኝ።»

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ይልማ ወንበር ሲያስደረድሩ ስማቸውን ሰምተው መጡ።

«ምን አጠፋሁ? ልጆቻችን ወንዛችን መንገድ ላይ ቀረ ብለው ይፈሩ? ባሕሩ ሲሄድ ዝም አልን፤ ወንዙን እንኳ ላድርሰው ብዬ ነው።»

«በሰው ቤት ላይ ነው ያደረሱት፣ ጋሼ» አለች ሀጅራ።

«አንቺ ደግሞ! ቀለም እኮ ነው።»

አዋሽ ሲሆን ክብር፣ የሀጅራ ከተማ ስትሆን ቀለም። ወደ እሳቸው ዞርሁ።

«ጋሽ ይልማ፣ ሰዘርን ሃይላንድስ ሰፈር ካለው ቤትዎ ጀርባ የጎርፍ መውረጃ አለ። አንድ ሰው ካርታ ላይ በሳሎንዎ ቢያሳልፈው፣ ቀለም ነው ይላሉ?»

«ኢንሹራንስ እጠራለኋ!» አሉ፤ ወንበር ደርዳሪዎቹ ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዶች በር ላይ ናቸው። ስለ ሽበቴ ብለሽ ለዛሬ ተይው።»

በሰው ፊት ስለ ሽበቱ የለመነን ሽማግሌ እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እኔም ብዬ አላውቅም። ሀጅራን አየኋት። ቦርሳዋን አንሥታለች።

«ተይው፣ ሀዲያ። ለምጄዋለሁ።»

ያ ቃል ከጋሽ ይልማ ወንዝ ይልቅ አንገበገበኝ።

«ቤቴል፣ የአሸዋውን ቀለም ስጪኝ።»

«ሰማያዊው ገና አልደረቀም፣ ዌት ነው እኮ፤ ሚክስ ያደርጋል።»

«ያድርግ።»

እንግዶች እየገቡ ሳለ ከባሕረ ሰላጤው ጀምሬ ወደ ሐይቁ ቀባሁ። ሰማያዊው ከአሸዋው ጋር ተለውሶ አመድማ ሆነ፤ አላማረም።

«እንዲህ ከሆነ ስምሽን ከካርታው ሥር አላስጽፍም» አሉ ጋሽ ይልማ።

«አያስጽፉ።»

ቀጭኑን ብሩሽ ጥቁር ቀለም ነክሬ ለሀጅራ ሰጠኋት። ቦርሳዋን አስቀምጣ ዲክሂልን በእጇ ጻፈች፤ ፊደሉን ከዋና ከተማው ስም አስበልጣ።

ያን አላረምሁም።